የጥሩሸዋ ልጅ የጠመቀችው

ቄሰ ገበዝ ገብረ አማኑኤል ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጡት። «የጥር ሥላሴን ጽዋ የጥሩሸዋ ልጅ ትጥመቀው። ማኅበርተኛው ጠጥቶ፣ አንድም ሰው ምንም ሳይሆን በሰላም ቤቱ ከገባ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልሆነ የሞላሌዋን ልጅ ታገባለህ፤ ዳግመኛ ይህን ነገር አታንሳብኝ!»

ይህን ያሉት ለአንድ ልጃቸው ለዲያቆን ምንተስኖት ነው። ልጁ ሊቀስስ ተቃርቧል፤ ከመቀሰሱ በፊት ደግሞ ማግባት አለበት። ልቡ ግን ሞላሌ አይደለም። ልቡ ከዘመሮ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ጭስ ከማይጠፋው የሸክላ ማቃጠያ አጠገብ፣ ከጥሩሸዋ ልጅ ከጽናት ዘንድ ከቀረ ከርሟል።

ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ጠላ ነው እንግዲህ፤ በመንዝ ጠላ የማይጠመቅበት ቤት የት አለ? ነገር ግን ጥሩሸዋ ሸክላ ሠሪ ናት። አገሩ በእሷ ጋን ይጠምቃል፣ በእሷ እንስራ ይቀዳል፣ በእሷ ድስት ወጡን ይሠራል፤ እጇ የነካውን እህል ግን አይቀምስም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ይበላል ይባላላ! የጎረቤት ሕፃን ሆዱን ከቆረጠው ጥሩሸዋ አይታዋለች። ላም ወተቷ ከነጠፈ ልጅቱ በዚያ አልፋለች። ከዚህ ቤት የወጣ ጠላ ማኅበር ላይ ቀርቦ አንድ ሽማግሌ ራሱን ቢያመው የሚቀረው ሠርጉ ብቻ አልነበረም። እናትና ልጅ እዚያ አገር ውለው ማደራቸውም ያጠራጥር ነበር።

ምንተስኖት የአባቱን ቃል ሊነግራት ሲመጣ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር። ጽናት ግን እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ማላቀቅ አቃታት።

«ምንቴ» አለችው፣ «እኔ እኮ ጠላ ጠምቄ አላውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው? የጋን ሠሪ ልጅ ሆነሽ?»

«ጠምቄ ማን ሊጠጣልኝ? እማዬም አታውቅም። ጋኑን ከውጭ ነው እንጂ ከውስጥ አናውቀውም።»

ምንተስኖት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መልሶ ሲያያት የእሱም ሳቅ ጠፋ፤ የጭቃ እጇን ያዘ። ያን ጊዜ ሁለቱም ፈሩ፤ ፍርሃታቸውን ግን አንዳቸውም ለሌላው አልነገሩም።

ጠላ መጥመቅን የሚያስተምራት ሴት በአገሩ አልተገኘችም። ማን ደፍሮ ደጃፏን ይረግጣል? ስለዚህ መምህሯ እሱው ሆነ። ወንድ ልጅ፣ ያውም ዲያቆን፣ በእናቱ ጓዳ በር ላይ ተደግፎ እያየ ያየውን በስልክ ይጽፍላታል። «ዛሬ ጌሾ ወቀጠች። ቅጠሉን ለብቻ፣ እንጨቱን ለብቻ። ቅጠሉንና ብቅሉን በውኃ በጥብጣ ጋን ውስጥ ጠነሰሰችው፤ ጥንስስ የሚሉት እሱን ነው።» ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ቂጣውን ጠቆር አድርጋ ነው የጋገረችው። ቆራርሳ ጨመረችው።» ጽናት መልእክቱን እያነበበች ቂጣዋን ታሳርራለች፣ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትጋግራለች። እናቱ ወይዘሮ አመተሥላሴ «አንተ ልጅ፣ ቅስናውን ትተህ ጠላ ሻጭ ልትሆን ነው እንዴ?» እያሉ ያባርሩታል፤ ዞሮ ይመጣል።

ምንተስኖት የወጣላት ጠማቂ የምታውቀውን ሁሉ ነገራት። አንድ ነገር ብቻ አልነገራትም፤ እሱም አያውቀውማ! የመንዝ ሴት ገብስ ከመቁላቷ በፊት ሰፌድ ላይ አድርጋ ትለቅማለች። ይህን ማንም ለማንም አይናገረውም፤ እንደ መተንፈስ ነው። ወንዱ ከጓዳው በር ሲደርስ ለቀማው አልቆ እሳቱ ተያይዟል።

ገብሱንም ያመጣው እሱ ነው። ጽናት ከገበያ ልትሸምት አስባ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ወደ ማታ ጆንያ ተሸክሞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ከች አለ።

«ከቤታችን ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጎታው ኋላ፣ ከሌላው ተለይቶ፣ አፉ ተሰፍቶ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። ለክብር ቀን ያስቀመጠችው ምርጥ ገብስ ይሆናል። በገዛ እህላቸው ከጠመቅሽ በኋላ ባዕድ ነው ሊሉሽ አይችሉም።»

«ሰርቀህ?»

«ላንቺ!»

ጥሩሸዋ ከጓዳ ሆና ይህን ሰማች። ወጥታም ጆንያውን አየች፣ ልጁን አየችው፣ ልጇን አየች። «እንግዲህ እግዜር ይሁንሽ» ብቻ አለች። ሸክላ እንጂ ገብስ አልለመደችም፤ ከገበያ ዱቄት ገዝታ የምትኖር ሴት ናት። ጽናትም ገብሱን እንደመጣ ቆላችው፣ ወፍጮ ቤት ወስዳ አስፈጨችው። ከጆንያው ሥር ጥቂት ተረፈ።

የዚያን ሰሞን ውርጩ ለጉድ ነበር። ጠዋት ጠዋት የጓሮው ሣር ነጭ ሆኖ ያድራል። ድፍድፉ አልነሳ አለ። ጽናት ጆሮዋን ጋኑ ላይ ትለጥፋለች፤ ምንም የለም፣ ዝም። «ሞተብኝ መሰለኝ» ብላ ብትጽፍለት ምንተስኖት የሚለብሰውን የሱፍ ባና አውልቆ ይዞላት መጣ። «አልብሺው» አላት። በዚያ ብርድ እሱ በነጠላ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ከኋላው እያየች ቀረች። ባናው የሰው ገላ ሙቀትና የጧፍ ሽታ ነበረው። ጋኑን ከማልበሷ በፊት ፊቷን ቀብራ አሸተተችው። ምን ይደረግ፤ ልብ ነው!

በነጋታው ጋኑ መናገር ጀመረ። እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ነው፣ ሽ… ሽ… የሚል። ጽናት ተደሰተች። ጥሩሸዋ ግን በመደቡ ላይ ተገላብጣ «ምን እያለ ይሆን?» አለች፤ ቀልድም አልመሰለ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ በራሳቸው እግር የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የቄሰ ገበዙ ሚስት ከሸክላ ሠሪ ደጃፍ! ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ተመለከተ። ወደ ቤት አልገቡም፤ መድረኩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሰብሰብ አደረጉ።

«ጥመቃው እንዴት ነው?»

«ይመስገነው እትዬ። ተነሥቷል።»

«ገብሱን እስቲ ልየው።»

ጽናት ክው አለች። ሰረቃችሁ ሊሉ ነው አለች በልቧ። ከጆንያው ሥር የተረፈውን በእፍኟ አምጥታ ዘረጋችላቸው። ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው አዩት። ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት። ቀና ብለው እሷን አዩ፤ ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ፍሬውን ወደ እፍኟ መልሰው ፈገግ አሉ።

«ጥሩ ገብስ ነው። በርቺ ልጄ።»

ልጄ! ጽናት ወይዘሮዋ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ሮጣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ልጄ አሉኝ እኮ እማዬ! ገብሱን አወቁት፣ ግን ዝም አሉ። ወደውኛል ማለት ነው።» ጥሩሸዋ የልጇን ጀርባ እያሻሸች በሩን ታያለች።

«ያቺ ሴት ስትስቅ አይቻት አላውቅም» አለች። ጽናት ግን ያን ቀን እንዲህ ያለ ወሬ የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም።

የሥላሴ ዕለት ቅዳሴ ሲወጣ ጽናት ቤቷ ተመልሳ ጠላውን አጠለለች። መልኩ ያምራል፤ ጠቆር፣ ጠራ ያለ፣ ከላይ አረፋ የያዘ። ጥሩሸዋ ጨጓራዋ ስለሚያቃጥላት ጠላ ከተወች ቆይታለች። «ጠማቂ ያልጠጣውን ማን ይጠጣዋል? እስቲ አንቺ ጠጪው» አለቻት። ጽናት አንድ ጣሳ ቀድታ ቆማ ጠጣች። መረር ይላል፤ ጣፈጣት። በሕይወቷ የመጀመሪያ ጠላዋ ነው፤ ለምን አይጣፍጣት?

አተላውን ጓሮ ስትደፋው ዶሮዎቹ ተረባረቡበት። ትንሽ ቆይተው ይንገዳገዱ ጀመር። እናትና ልጅ ሳቁባቸው፤ ዶሮ በአተላ መስከሯ አዲስ ነገር አይደለም። ቀይዋ ዶሮ ግን ከአጥሩ ሥር በጎኗ ተኛች። ዓይኗ ክፍት ነው። ጽናት በእግሯ ጫፍ ነካ ብታደርጋት አልተነሣችም። እንስራውን አዝላ ስትወጣም እዚያው እንደተኛች ነበረች።

ወደ ቄሰ ገበዙ ቤት ዳገት ነው። ነፋሱ ከላይ ይገፋል። ከመንገዱ ላይ ጽናት ጉልበቷ ሲከዳት ተሰማት፤ ደረቷ ላይ አንዳች ነገር ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት ነው አለች። ትንሽ እንደሄደች መንገዱ ዘመም አለባት። ፍቅር ነው አለች። ደግሞ ለራሷ ሳቀች፤ ምላሷ አፏ ውስጥ ከብዶ ነበርና ሳቋ ሌላ ሰው የሳቀው መሰላት።

ቤቱ ሰው ጢም ብሎበታል። ካህናቱ በላይ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ በመደቡ ላይ፣ ሴቶቹ ወደ ጓዳው በር። ስትገባ ጨዋታው ቀጥ አለ። አንዲት ባልቴት የያዘችውን ሕፃን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ጽናት ይህን አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ከልጅነቷ የለመደችው ነው። ምንተስኖት ከካህናቱ መካከል ሆኖ በዓይኑ «አይዞሽ» አላት። ወይዘሮ አመተሥላሴ ከጓዳው በር አጠገብ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ዓይናቸው ጠላው ላይ ነው።

ጸሎቱ ደረሰ። ጽናት ዋንጫውን ሞላችው። እንደ ደንቡ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀምሳ በሁለት እጇ ለቄሰ ገበዙ አቀረበች። ጠዋት ከቅዳሴው በፊት ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሱ አዛውንት ናቸው። ዋንጫውን ተቀበሏት። ከኋላቸው የበራው ጧፍ አንድ ነበር። ስታየው ሁለት ሆነ።

ጽናት ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አሁንም ሁለት ነው። ቀይዋ ዶሮ ድቅን አለችባት፤ ክፍት ዓይኗ፣ የማይነሣው ጎኗ። ስካር አይደለም አለች፤ ፍርሃትም አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። ጠላው ነው!

ግን ምን አደረገችው? እንደተባለችው ጋኑን አጥባለች፣ በወይራ አጥናለች፣ ሁሉን እንደታዘዘችው ሠርታለች። ያላደረገችው ምንድን ነው? ያን ጊዜ፣ አንባቢ ሆይ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅበት የኖረችው ነገር ከውስጧ ተነሥቶ አነቃት። እውነት ቢሆንስ? ከእኔ ጋር የተወለደ፣ እኔ ራሴ የማላውቀው ነገር ቢሆንስ? ያንን ጋን ስንት ጊዜ ጎንበስ ብዬ አየሁት! በስንት ደስታ፣ በስንት ፍቅር ዓይኔን ጣልኩበት!

ቄሰ ገበዙ ዋንጫውን ወደ አፋቸው አነሡ።

«አይጠጡ!»

ዋንጫውን በሁለት እጇ ያዘችው። ጠላው በሽማግሌው ነጭ ጋቢ ላይ ፈሰሰ።

«አይጠጡ አባቴ» አለች ጽናት፣ እንባዋ እየወረደ። «ጠላው ልክ አይደለም። እኔ ጠጥቼው ዓይኔ ጨልሟል። እኔ ነኝ መሰለኝ… ዓይኔ ነው መሰለኝ። የምትሉት እውነት ሳይሆን አይቀርም።»

«በስመ አብ!» አለ አንዱ ሽማግሌ። ሴቶቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ባልቴቷ ሕፃኑን አቅፋ ወደ በሩ ሮጠች፤ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። ጽናት የሰው ሁሉ ፊት ከእሷ ሲሸሽ አየች። የሚያሳዝነው፣ በልቧ ፈረደችላቸው።

ምንተስኖት ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ።

«አትቅረበኝ!» አለችው። «በእናትህ፣ በሥላሴ፣ አትቅረበኝ ምንቴ!» ከነገሩ ሁሉ ይህን ማለት ከበዳት።

እሱ ግን ቀረባት። ዋንጫውን ከእጇ ወሰደ። ግማሹ ፈስሶ ግማሹ ቀርቶ ነበር። ወደ አባቱ ዞረ።

«አባቴ፣ ዓይኗ የሚገድል ቢሆን ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ አልኖርም ነበር። ከማንም በላይ ያየችው እኔን ነው። እሷ ያየችው ክፉ ከሆነ እኔም ክፉ ነኝ። እጠጣዋለሁ፤ እስከ አተላው እጠጣዋለሁ። ከዚያ እዩኝና ፍረዱ።»

ዋንጫውን አነሣ። ከንፈሩ ነካው።

«ጣለው!»

ከጓዳው በር የተወረወረ የእናት ጩኸት ነበር። ወይዘሮ አመተሥላሴ በሰዉ መካከል እየገፉ መጥተው ዋንጫውን ከልጃቸው እጅ በጥፊ መቱት። ጠላው በግድግዳው ላይ ተረጨ።

«እንክርዳድ ነው! ገብሱ ግማሹ እንክርዳድ ነው፤ አትጠጣው ልጄ፣ አናትህን ያዞረዋል፣ ይጥልሃል!»

እንክርዳድ። መንደሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ከገብስ መካከል የሚበቅል፣ ገብስ የሚመስል፣ ካልተለቀመ ሰው የሚያሳብድ የእርሻ ጠላት። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ «እሰይ፣ ለካ እሱ ነው!» ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ጽናት የሰማችው ቃል ትርጉሙ ወዲያው አልደረሳትም። ዓይን አይደለም ማለት ነው? እኔ አይደለሁም ማለት ነው?

ቄሰ ገበዙ ግን ሚስታቸውን ነበር የሚያዩት። የረጠበ ጋቢያቸውን ሳይጠርጉ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«አመተሥላሴ፣ አንቺ በምን አወቅሽ?»

ወይዘሮዋ ልጃቸውን አዩ።

«ገብሱን ከቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ አባቴ» አለ ምንተስኖት። «ከጎታው ኋላ ለብቻ የተቀመጠውን። ምርጡ መስሎኝ ነበር።»

«ለዶሮ እንኳ አይሆንም ብዬ የለየሁት ነው» አሉ ወይዘሮዋ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«እሷ ዘንድ መሆኑን መቼ አወቅሽ?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያን ጊዜ ጽናት ከግድግዳው ተደግፋ፣ ክስ ለማቅረብ ሳይሆን እንደ ሕልም ትዝ እንዳላት ሰው፣ በዝግታ ተናገረች።

«እኛ ቤት መጥተው ገብሱን በእጃቸው አዩት። ጥሩ ገብስ ነው አሉኝ። በርቺ ልጄ አሉኝ።»

እዚያ ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን ጨበጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ያረጀ መሰለ። «ማኅበሩ ዛሬ ውኃ ይጠጣል። ጽዋው ለመጪው ሥላሴ ይደር። ገብሱ ከዚህ ቤት ይወጣል፤ አንቺ ትለቅሚያለሽ፣ እሷ ትጠምቃለች። ያን ዕለት መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነኝ፤ ከዚያ ሽማግሌ እልካለሁ።»

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። ባልቴቷ በጽናት በኩል ስታልፍ ሕፃኑን አልሸፈነችውም፤ ግን ቀናም ብላ አላየቻትም። ምንተስኖት ውኃ አጠጣት፣ ደጋግሞ አጠጣት። ከመደቡ ጫፍ አስተኝቶ የራሱን ጋቢ ደረበላት። «ይቅር በይኝ» ይላል፣ «እኔ ነኝ የገደልኩሽ፣ በገዛ እጄ ተሸክሜ ያመጣሁልሽ!» ልትስቅ ፈለገች፤ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። በሁለቱ ጧፎች ብርሃን ሁለት ምንተስኖት ታያለች። ሁለቱንም ወደደቻቸው።

ወደ ማታ ዓይኗ መለስ ሲልላት፣ ወይዘሮ አመተሥላሴ ሰፌድ ይዘው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ገብስ ዘረገፉበት። በጣታቸው እየገፉ ፈለጉ፣ ፈለጉና አንዲት ፍሬ አንሥተው በጽናት መዳፍ ላይ አስቀመጡላት።

«ይኼ ነው» አሉ። «ቀጠን ያለው። ገብስ ይመስላል።»

ጽናት አየችው። እውነትም ይመስላል። እጇን አገላብጣ አየች፤ እጅ ነው፣ ንጹሕ የሰው እጅ፣ ሌላ ምንም የለበትም። ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን አልሞላም። ቀና ብላ ሴትዮዋን አየቻቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ዓይኗን ሲሸሽ ኖራለች፤ እንደ ዛሬዋ የወይዘሮ አመተሥላሴ ያለ ሽሽት ግን አይታ አታውቅም። በዚህ ቤት ልታገባ ነው። ከዚህች ሴት ጋር አንድ ማዕድ ልትቆርስ፣ ከዚህች ሴት እጅ ውኃ ልትጠጣ ነው።

በሩ ላይ የምንተስኖት ኮቴ ተሰማ። ጽናት ፍሬዋን በመዳፏ ጨበጠቻት። ወደደችው፣ አምላኬ፣ እንዴት ወደደችው! ግን ፈራች።